ልቡናን ስለ መሰብሰብ፤ ለጀማሪዎች በራቤል የተነገረ ዲስኩር



የዚህን የግሼ ደጋ ብርድ የቀመሰ ሰው፣ በዚህ ሰዓት ከምድጃ አጠገብ ተነሥቶና በርኖሱን ደርቦ የሰው ንግግር ለመስማት መምጣት ምን ያህል ትሩፋት እንደ ሆነ ስለሚያውቅ፣ ንግግሬን በምስጋና ብጀምር ውዳሴ ከንቱ አይባልብኝም። እንድናገርበት የተመረጠልኝ ርእስ፣ ሰው ሐሳቡን ሰብስቦ፣ ሕዋሳቱን ገትቶ፣ ለጥቂት ጊዜ በጽሞና መቀመጥን እንደ ምን ይጀምራል የሚል ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሩብ ሰዓት ያህል ያለ ሥራና ያለ ወሬ ብቻውን ለመቀመጥ የሞከረ ሰው፣ እጁና እግሩ ጸጥ ብለው ሳሉ ልቡ ስንት አገር ዞሮ እንደሚመለስ አይቶ ይደነቃል።

ወጣቶቻችን ነገሩን ሜዲቴሽን በሚለው ስሙ ከእጅ ስልካቸው ተዋውቀውታል። በስልኩ ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከባሕር ዳር ወይም ከተራራ አናት ላይ እግሩን አጣጥፎና ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ አንድ ቀጭን ሰው ስለ ሆነ፣ በዚሁ ሥዕል ምክንያት በመካከላችን ሁለት ወገን ሐሳብ ተፈጥሯል። አንደኛው ወገን ይህ የባዕድ አምልኮ ነው ብሎ ገና ስሙን ሲሰማ ያማትባል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ከእኛው ይበልጣል ብሎ ስለሚያምን፣ አያቱ መቁጠሪያቸውን ይዘው ማለዳ ማለዳ ምን ያደርጉ እንደ ነበረ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቅ፣ በየወሩ እየከፈለ አንድ የማያውቀው ሰው በእንግሊዝኛ «አሁን ተንፍስ» ሲለው ይሰማል። እኔ ከሁለቱም አልስማማም፤ የማልስማማበትንም ምክንያት እናንተ ራሳችሁ ከምታውቁት ነገር ተነሥቼ ባስረዳ ይሻላል።

ከመካከላችሁ ቅኔ ቤት የገባ ሰው ቆጠራ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። መምህሩ ቅኔውን ዘርፎ፣ ምሥጢሩንም ገልጦ ከጨረሰ በኋላ፣ ተማሪው የራሱን ቅኔ ለመቁጠር ከጓደኞቹ ይለያል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ጥድ ሥር፣ ወይም ከመቃብሩ መካከል፣ ወይም ነፋስ ከማያገኘው ከአንድ ቋጥኝ ጥግ ይቀመጥና ደበሎውን ወይም ነጠላውን ወደ ፊቱ ስቦ ይሸፈናል። ጠጋ ብሎ ላስተዋለው ሰው ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቱም የቃሉን ልክ እየመዘነ ጉልበቱን በቀስታ ይመታል። ጀማሪው የሚቆጥረው ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃናን ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ገና ከሩቅ የሚታይ ነው። ነገር ግን ሁለት ቤት እንኳ ለመግጠም፣ አንዱን ቃል ሰሙንና ወርቁን ሁለቱንም አስይዞ በልቡና መካከል አቁሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህንንም በሚያደርግበት ጊዜ ራቡ ይመጣል፣ ከቁራሽ ልመና ላይ የነከሰው ውሻ ትዝ ይለዋል፣ የእናቱ ቤት ይናፍቀዋል፣ ቃሉም ከእጁ ያመልጣል። ያመለጠውን ቃል ፈልጎ ይመልሰዋል፤ ደግሞ ያመልጠዋል፤ ደግሞ ይመልሰዋል። ወደ ማታ ቀርቦ ለመምህሩ ሲነግር፣ መምህሩ ከሽፏል ብሎ ወደ ጥዱ ሥር መልሶ ይሰደዋል። ይህ ሁሉ ለወራት፣ ለብዙዎችም ለዓመታት ይቀጥላል።

በዚህ አገር ሐሳብን የመሰብሰብ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ በርትቶ የሚሰጥበት ስፍራ ቅኔ ቤት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ገዳም ይበልጣል የሚሉኝ አባቶች መነኮሳት ይቅር ይበሉኝ። ቅኔ ቤት ያልኩበት ምክንያት፣ የተማሪው ሐሳብ ተሰብስቦ እንደ ሆነና እንዳልሆነ በዚያው ማታ በመምህሩ ፊት ስለሚፈተን ነው፤ ተሰብስቤአለሁ ብሎ ራሱን የሚያታልልበት ፋታ የለውም።

መነኮሳቱ ግን በጽሑፍ ይበልጡናል። ከአራቱ የትርጓሜ ጉባኤያት፣ ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ቀጥሎ የሚቆጠረው የመነኮሳት ጉባኤ ሦስት መጻሕፍት አሉት፤ እነርሱም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ሦስቱም ከሶርያ ምንጭ የተቀዱ፣ ወደ ግእዝ ከተመለሱ በኋላም በአንድምታ ትርጓሜ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፉ ናቸው። ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የተወለደ፣ የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ከተሾመም በኋላ አምስት ወር ያህል ብቻ ቆይቶ ሹመቱን ትቶ ወደ በዓቱ የተመለሰ ሰው ነው። አንድ ጳጳስ የጽሞናን ጣዕም ከመንበሩ ክብር ማስበለጡ ለእኛ ለሹመት ፈላጊዎች የሚያሳፍር ታሪክ ስለ ሆነ፣ በዚያ ላይ ብዙ አልቆምም።

ለጀማሪ የሚጠቅመው ግን የማር ይስሐቅ ከፍታ ሳይሆን የአባ እንጦንስ ጭንቀት ነው። በግብጽ በረሃ ኖሮ በፈረንጅ አቆጣጠር በ356 ዓ.ም. ያረፈው ይህ የመነኮሳት አባት፣ በአንድ ወቅት በበዓቱ ተቀምጦ ሳለ ስልቹነትና የሐሳብ ጨለማ እንደ ከበበውና እንዴት ልድን ብሎ እንደ ጮኸ «የአበው ነገር» የተባለው መጽሐፍ ይተርካል። ጥቂት ቆይቶ ወደ ውጭ ቢወጣ፣ እርሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ከዚያም ሥራውን ትቶ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ደግሞ ተቀምጦ ሲታታ፣ ደግሞ ተነሥቶ ሲጸልይ አየ፤ ሰውየውም መልአክ ነበረ። እንጦንስ መዳኛው ይህ ሥርዓት መሆኑ ገባው። እንግዲህ ታላቁ እንጦንስ እንኳ ከመሰልቸት ካልዳነ፣ የራቤል ጀማሪ በሦስተኛው ቀን ቢሰለች ምን ይደንቃል?

ከዚህ ከግሼ ብዙ በማይርቀው በወሎ ምድር፣ በጋስጫ ስሙ የሚጠራው አባ ጊዮርጊስ፣ ገድሉ እንደሚነግረን በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ለመነኮሳቱ እህል እየፈጨ ሲያለቅስ ኖረ። በኋላ መጽሐፈ ሰዓታትን ያዘጋጀ፣ ቤተ ክርስቲያናችን የሌሊት ጸሎቷን በእርሱ ድርሰት የምታደርስ፣ ብዙ ድርሳናትንም የጻፈ ሊቅ ሆነ። ከዚህ ገድል ብዙ ሰባኪዎች ተአምሩን ብቻ ነቅሰው ያወጣሉ፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ሰባት ዓመት ወፍጮው ላይ መቆየቱ ነው።

አሁን በእጄ የያዝኩትን ይህን መቁጠሪያ ተመልከቱ። ብዙዎቻችሁ በየኪሳችሁና በየአንገታችሁ አላችሁ፤ 41 ወይም 64 ፍሬ ያለው፣ በፍሬው ቁጥር እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ የሚባልበት ነው። እስላም ወንድሞቻችንም ከሶላት በኋላ 33 ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም 99 ጊዜ አምላክን የሚያወድሱበት ተስቢሕ አላቸው፤ በወሎና በይፋት የሚኖሩትም ሼሆች ከሕዝብ ተለይተው ኸልዋ ሲገቡ፣ በዚክርና በመንዙማ ሌሊቱን ሲያነጉ የኖሩ ናቸው። ጣት አንዱን ፍሬ ለቅቆ ሁለተኛውን በሚይዝበት ጊዜ፣ የሄደ ሐሳብ ሁሉ ወደ ጣቱ ይመለሳል፤ መቁጠሪያ የተሠራው ስንት ጊዜ ጸለይሁ ብሎ ለመመካት ቢሆን ኖሮ፣ በወረቀት ላይ መስመር ማስመር ይበቃ ነበር።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ሉቺያኖ በርናርዲ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 23 ጤነኛ ሰዎችን ሰብስቦ፣ የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ ከዚያም የቡድሃ እምነት ተከታዮች የሚደጋግሙትን ቃል እንዲሉ አደረገና፣ ትንፋሻቸውን፣ የልባቸውን ምትና የደማቸውን ግፊት በመሣሪያ ለካ። በሁለቱም ጸሎት ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ያህል ወረደ፤ ልብና የደም ሥርም በዚያው ልክ እርስ በርስ የሚስማማ ሥርዓት ያዙ። በዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ እንደሚተነፍስ ስታስቡ ልዩነቱ ይታያችኋል። እዚህ የተገኛችሁ የሥነ ሕይወት መምህራን፣ ሰዓት ይዛችሁ ከተማሪዎቻችሁ ጋር በእግዚኦታ ላይ ይህንኑ ብትሞክሩ፣ ያለ ምንም መሣሪያ የሚሠራ ጥሩ የትምህርት ሰዓት ይሆንላችኋል።

የፈረንጅ ሐኪሞች ወደዚህ ነገር የገቡት በደም ግፊት በር ነው። በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ኸርበርት ቤንሰን፣ በ1975 ዓ.ም. በነርሱ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው አራት ነገሮችን ያሟላ እንደ ሆነ ሰውነቱ ከድንጋጤ ወደ ዕረፍት ይመለሳል አለ፤ አራቱም ጸጥ ያለ ስፍራ፣ የማያስጨንቅ አቀማመጥ፣ የሚደጋገም አንድ ቃል፣ ሐሳብም በመጣ ጊዜ ሳይቆጡ ወደ ቃሉ የመመለስ ዝንባሌ ናቸው። ቃሉን አማኝ ከገዛ ሃይማኖቱ ቢመርጠው መልካም ነው ብሎም ይመክር ነበር። ከእርሱ አራት ዓመት በኋላ ጆን ካባት ዚን የተባለው ሰው በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ መድኃኒት ሕመማቸውን ላላበረደላቸው ሰዎች ትምህርት ከፈተ፤ ዛሬ በስልክ ከምትሰሙት ብዙው ከዚያ የመነጨ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ ተመራማሪዎች፣ 2250 ሰዎችን በስልካቸው አማካይነት በየጊዜው «አሁን ምን ትሠራለህ? ልብህስ ያለው የት ነው?» እያሉ ጠየቁ። ሰዎቹ ከተጠየቁበት ጊዜ 47 በመቶ ያህሉን ልባቸው ከሚሠሩት ሥራ ሌላ ቦታ ሆኖ አገኙት፤ ልባቸውም በባዘነበት ጊዜ ይበልጥ የተከፉ ነበሩ። ይህ በአብዛኛው የአሜሪካ ሰዎች ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ባለፈው እሑድ በቅዳሴ ሰዓት ልባችን የት እንደ ነበረ እያንዳንዳችን ብንጠየቅ፣ ቁጥሩ ዝቅ ይላል ብዬ ለመማል አልደፍርም።

እንግዲህ ሁሉም አንድ ነውን? አይደለም። ሐኪሙ የሚሻው የሥጋን ዕረፍት ነው፤ መነኩሴው የሚሻው የሚያናግረውን አምላክ ነው፤ የቅኔ ተማሪው ደግሞ ምሥጢር ፈላጊ ነው። የመድረሻቸውን ልዩነት ሸፋፍኖ ሁሉም አንድ መንገድ ነው የሚል ሰው ለሦስቱም ክብር አልሰጠም፤ የጸሎትን ነገር ወደ ደም ግፊት መድኃኒትነት ያወረደም ሰው አባቶችን ቢያስቆጣ ይገባዋል። የማላምንበት ግን፣ እስትንፋስን ማስተዋል በራሱ አስማት ነው የሚለውን ነገር ነው። እስትንፋስ የህንድም የአሜሪካም ገንዘብ አይደለም፤ አዳም ከአፈር ተበጅቶ የተቀበለው የመጀመሪያ ስጦታ ነውና። ሦስቱ ወገኖች የሚገናኙበት አንድ ስፍራም አለ፤ እርሱም የጀማሪው ስፍራ ነው። የቅኔ ተማሪው ያመለጠውን ቃል ሲመልስ፣ እንጦንስ ከገመዱ ወደ ጸሎቱ ሲነሣ፣ የቤንሰን ሕመምተኛም ሳይቆጣ ወደ ቃሉ ሲመለስ፣ ሦስቱም የሚሠሩት ሥራ መመለስ የሚሉት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጀማሪ ሰዓቱን አንድ ያድርግ፤ ለራቤል ሰው የምመክረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ከብቱ ሳይሰማራና ቡናው ሳይፈላ ነው። ከጠገቡ በኋላ መቀመጥ እንቅልፍን መጋበዝ ነው። በመደቡ ላይ ዝተቱን አጥፎ ይቀመጥ፤ ጉልበቱን የሚያመው ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው በርጩማ ላይ ቢቀመጥ ምንም አይጎድልበትም። ወገቡን ያቅና፣ አገጩን ጥቂት ዝቅ ያድርግ፣ እጆቹን በጉልበቱ ላይ ያሳርፍ፣ ዓይኑን ይጨፍን ወይም ከፊቱ ወዳለው መሬት ይመልከት። በርኖሱን ይደርብ፤ በብርድ እየተንቀጠቀጡ መቀመጥን ገድል አድርገው የሚያዩ ወጣቶች አሉ፤ ጀማሪ ግን ስለ ብርዱ እንጂ ስለ ሌላ ነገር ሊያስብ አይችልም። ምድጃ ከሚጨስበት ቤት ግን ይራቅ፤ ትንፋሽን የሚያስተውል ሰው ጭስን እያስተዋለ መሳብ አይገባውም። ስልኩንም በሌላ ክፍል ይተወው።

ከዚያ በኋላ አየሩ በአፍንጫው ቀዳዳ ሲገባና ሲወጣ ያስተውል። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ከቆላው ሰው ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ የራቤል የማለዳ አየር ሲገባ አፍንጫን ቆንጥጦ ይገባል፣ ሲወጣም ሞቆና ተንኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ትንፋሼን ማግኘት አቃተኝ የሚል ጀማሪ በዚህ አገር ያለ አይመስለኝም። ትንፋሹን አያስረዝም፣ አያሳጥር፣ አያስገድድ፤ በኃይልና በፍጥነት የሚተነፍስ ሰው ራሱ ይዞርበታልና። በወጣ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያለ እስከ አሥር ይቁጠርና ወደ አንድ ይመለስ። ይህን ትእዛዝ የሰማ ሁሉ ለሕፃን የተሰጠ ነው ብሎ ይስቃል፤ ጥቂት ቆይቶም ራሱን 17 ላይ ያገኘዋል። ቁጥር የማይጥመው ክርስቲያን ሲስብ እግዚኦ፣ ሲያስወጣ መሐረነ እያለ መቁጠሪያውን ቢያሳልፍ፣ እስላምም ከዚክሩ የለመደውን ቢል፣ ልቡ ይበልጥ ይታዘዝለታል፤ ጸሎት አድርጎ የያዘው ሰው ግን እንደ ጸሎት ይያዘው፣ በአምላክ ፊት መቆሙን ረስቶ ቃሉን የትንፋሽ መለኪያ ብቻ አያድርገው።

ከዚያስ ምን ይመጣል? የማዳበሪያ ዕዳ ይመጣል። የወሰን ክርክር ይመጣል። አዲስ አበባ ሄዶ ያልደወለው ልጅ ይመጣል፤ ለተዝካሩ የሚጠመቀው ጠላ፣ ባለፈው ዓመት በገበያ የሰደበን ሰው፣ ያን ጊዜ ልንመልስለት ይገባን የነበረው ብልህ መልስ፣ ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። ጀማሪው በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል፤ ወይ ከሐሳቡ ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ወይ በራሱ ተቆጥቶ እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም ብሎ ይነሣል። ከእናንተ መካከል በልጅነቱ እረኛ ያልነበረ ጥቂት ነው፤ በግ ወደ ሰው ገብስ ስትገባ ድንጋይ እየወረወረ የሚያሯሩጥ እረኛ መንጋውን ሁሉ በትኖ ማሳውን እንደሚያስረግጥ፣ ልምድ ያለው ግን ቀስ ብሎ ፊቷን አዙሮ እንደሚመልሳት ታውቃላችሁ። ሐሳብም የሚመለሰው እንዲሁ ነው፤ መሄዱን ማወቅ፣ ያለ ስድብ መመለስ፣ እንደ ገና አንድ ብሎ መጀመር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ሄዶ ሠላሳ ጊዜ የተመለሰ ጀማሪ፣ ሠላሳ ጊዜ ሥራውን ሠርቷል እንጂ ሠላሳ ጊዜ አልወደቀም።

ልኩ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አምስት ደቂቃ ይብቃ፤ ከዚያ አሥር፣ ከዚያም ቤንሰን ወደሚለው ሃያ ደቂቃ ቢያድግ መልካም ነው። በየቀኑ የሚደረግ አምስት ደቂቃ በእሑድ ከሚደረግ አንድ ሙሉ ሰዓት ይበልጣል ብል፣ የዳዊትን መዝሙር በየዕለቱ ከፍለው የሚደግሙ አባቶች ይመሰክሩልኛል። ሱባዔ የሚገባውና በፍልሰታ ከቤተ ክርስቲያን ጥግ የሚያድረው ምእመን ከዚህ ልኬት በላይ ነው፤ እኔ የምናገረው ገና ስለሚጀምረው ነው።

እናቶች፣ «አንተ ሰው፣ የትኛው አምስት ደቂቃ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ውኃ መቅዳቱ፣ ወፍጮው፣ እንጀራው፣ ልጁ አለና። ለእናንተ የአባ እንጦንስ ገመድ ይበልጥ የሚስማማ ይመስለኛል። የበግ ጠጉር ስትፈትሉ እንዝርቱ በጭናችሁ ላይ ሲሾር፣ ፈትሉ በጣታችሁ መካከል ሲቀጥንና ሲወፍር፣ ልባችሁን እዚያው በጣታችሁ ላይ ብታሳርፉት፣ በሄደም ቁጥር ወደ ፈትሉ ብትመልሱት፣ በመደብ ላይ ዓይኑን ከጨፈነው ባላችሁ የምታንሱበት ነገር የለም። ይልቁንም ፈትሉ ሲበጠስ ልባችሁ መሄዱን ስለሚነግራችሁ ከእርሱ የተሻለ መምህር አላችሁ። ባሎችም ይህን ሰምታችሁ፣ ፈትሉ ለጽሞና ይበቃታል ብላችሁ ከውኃው ሸክም አንዱን እንኳ ሳታነሡላት እንዳትቀሩ።

እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ዓይኑን ይግለጥ፤ ይህም ካልበጀው መቋሚያውን ይዞ ይቁም፤ ቤተ ክርስቲያናችን የሌሊቱን ማኅሌት በቁመት ያደረገችው የሰውን ድካም ስለምታውቅ ይመስለኛል። እግሩ የደነዘዘበት ያለ ኀፍረት ይዘርጋው። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ሕመም የሌለበት፣ ምክንያትም የሌለበት አንድ ዓይነት መሰልቸት። የበረሃ አባቶች ይህን በሚገባ ያውቁታል፤ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብጽ ገዳማት የኖረው ኤዋግርዮስ መነኩሴን ከሚዋጉት ስምንት ክፉ ሐሳቦች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል፤ በቀትር ጊዜ መጥቶ ፀሓይን የቆመች ስለሚያስመስል የቀትር ጋኔን ይሉታል። መነኩሴው በመስኮት ደጋግሞ ያያል፣ እንግዳ ይመጣ እንደ ሆነ ያዳምጣል፣ ሌላ ገዳም ይሻለኝ ነበር ይላል። የዘመናችን ሰው በመስኮት ፈንታ ስልኩን ያያል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የተቈረጠው ደቂቃ እስኪፈጸም አለመነሣት፣ ከተቈረጠውም ደቂቃ በላይ ለመጀገን አለመሞከር።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ራእይ ልይ፣ ብርሃን ልይ፣ ድምፅ ልስማ ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይቀመጥ፤ መጻሕፍተ መነኮሳት ከምንም ይልቅ የሚያስጠነቅቁት ይህን ነው፤ ያየ የመሰለውም ሰው ለንስሐ አባቱ ይንገር እንጂ ለመንደር አያውራ። ሁለተኛው፣ በጦርነት ወይም በከባድ ሐዘን ያለፈ ሰው ዓይኑን በጨፈነ ጊዜ የሚመጣበት የማዳበሪያ ዕዳ ላይሆን ይችላል፤ የደረሰበት ነገር እንደ ገና በፊቱ ይቆም ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን አይቀመጥ፤ ዓይኑን ገልጦ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር፣ ለአጭር ጊዜ ይሞክር፤ ከባሰበትም ይተወውና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ጽሞና ለሁሉ ሕመም መድኃኒት ነው ያለው የለምና። የደም ግፊት ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ልቤ ተሰበሰበ ብሎ ኪኒኑን በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጥ፣ ጥፋቱ የእኔ ንግግር እንዳይሆን አደራ።

ስለ ጽሞና ይህን ያህል መለፍለፍ ራሱ የሚያስቅ ስለ ሆነ፣ አሁን አምስት ደቂቃ አብረን እንሞክር። በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ በሩን ዝጉልን፤ ከፊት ያላችሁ መምህር ደግሞ ሰዓቱን ይያዙልንና ሲሞላ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መታ ያድርጉልን። ከኋላ ያላችሁ ተማሪዎች፣ እርስ በርሳችሁ መተያየት ከጀመራችሁ መሣቃችሁ አይቀርም፤ መሬት መሬቱን እዩ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ እንቀበላለን፤ መጀመሪያ አባቶች፣ ቀጥሎ ቅድም እጃቸውን አንሥተው ያሳለፍኳቸው እናት።